ሁለተኛዋ ጉርሻ

ጎድጓዳው ሳህን ጥቁር ነው። ከሥሩ ነጭ ሩዝ፣ ከላዩ ጥሬ ዓሣ። ቀዩ በስሱ ተቆርጦ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ተደራርቧል፤ ብርቱካንማው ጠርዙን ይዞ ተጠቅልሏል፤ ጥጉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ዋሳቢ የሚሏት አረንጓዴ ድቁስ ጠብ ብላለች። ሽታው ቶሎ አልመጣልኝም። ጎንበስ ስል ነው የመጣው፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲመታው የኖረ ድንጋይ ሽታ። ያንን ሽታ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በሸተተኝ ቁጥርም ቀኝ ጉልበቴ ላይ ያለችው ጠባሳ የምታሳክከኝ ይመስለኛል።

ያለነው ሮክቪል ነው፤ በአንድ የልብስ ንጽሕና ቤትና በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት መሀል የተወሸቀች የጃፓኖች ምግብ ቤት ውስጥ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ያስነዳችኝ ልጄ መክሊት ናት። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስወስዳት “ዛሬ እኔ ነኝ የምጋብዝሽ” አለችኝ። ልጅ እናቷን ስትጋብዝ ደስ ማሰኘት ነበረበት። እኔን ግን ገና ከመኪና ሳልወርድ ጭንቅ ያዘኝ። ቀኑ ዓርብ ነው። ዓርብና ዓሣ አብረው አይሄዱልኝም።

“ማሚ፣ ሃምሳው አላለቀም እኮ። ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ” አለች መክሊት።

እውነቷን ነው፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ቢሆንም መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳምንቶቹን ሁለት ጊዜ በጣቴ ቆጠርኩ። ማወቅና ልብ ማረፍ ለየቅል ናቸው። ገብተን ስንቀመጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አስተናጋጇ የምግቡን ሥዕል ስታሳየኝ በጣቴ እያመለከትኩ “ይኼ ክንፍና ቅርፊት አለው? ይኼስ?” እያልኩ እጠይቃት ጀመር። ልጅቷ ወደ ወጥ ቤቱ ዞር ብላ አየች።

“ማሚ፣ ፕሊስ! ሰው እያየን ነው።”

“ይየን። ሙሴ የጻፈውን እኔ ለምን አፍርበታለሁ?”

ሽሪምፑን አስነሣሁ፤ እግረ ብዙውን አስነሣሁ፤ እባብ የሚመስለውንም አስነሣሁ። መክሊት ግንባሯን በእጇ ይዛ “ዘ ቤስት ፓርት እኮ ነው ያስወጣሽው” አለች። ከዚያ ከስልኳ ሽፋን ሥር አንዲት ትንሽ የወረቀት ካርድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በጣም ደስ ብሏታል። “ዘጠኝ ጊዜ ከበላሽ ዐሥረኛው ነጻ ነው። ዘጠኙን እኔ በላሁ። ዐሥረኛውን ላንቺ አስቀመጥኩት።”

ካርዷ ላይ ዘጠኝ ትንንሽ ዓሣዎች በማኅተም ታትመዋል። በያንዳንዱ ዓሣ ሥር ደግሞ ቀኑ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ሌላ ሰው ቢሆን ቀኑን አያነበውም። እኔ ግን ሥራዬ ቀን ማንበብ ነው። አሌክሳንድሪያ ባለ አንድ መጦሪያ ቤት ለሽማግሌዎችና ለአሮጊቶች መድኃኒት አድላለሁ፤ ብልቃጥ ሳነሣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀኑ ላይ ነው። እናም አነበብኩ። አንደኛው ዓሣ መስከረም፣ ሁለተኛው ጥቅምት፣ ሁሉም የፍስክ ቀን፣ እያለ ሄዶ ስምንተኛው ላይ ስደርስ ዓይኔ ቆመ። የሆሣዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ።

ያንን ቅዳሜ አልረሳውም። መክሊት ከጓደኞቿ ጋር ላይብረሪ ነኝ ብላኝ ነበር። እኔ በማግስቱ የምትቆርብበትን ነጭ ቀሚስ ስተኩስ ውዬ ነበር።

አስተናጋጇ ውኃ አምጥታ ስታስቀምጥ አመሰግናለሁ ማለቴን አላስታውስም። በሁዳዴ፣ በቁርባን ዋዜማ፣ ዓሣ። ድንጋጤ ቅደም ተከተል የለውም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እንደ ማሰብ ልቤ አርባ ዓመት ሙሉ ወደ ኋላ ሮጦ ሐዋሳ ገባ።

*

ያደግሁት ሐዋሳ ነው። አባቴ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር፣ ለዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር መዛኝ ነበር። ጀልባዎቹ ጠዋት ሲገቡ ዓሣው በሸራ ላይ ይዘረገፋል፤ አባቴ ከትልቁ ሚዛን ፊት ቆሞ እያየ ይጽፋል። ዙሪያውን አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ እንደ ቀብር አስተናጋጅ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የቆሙ ይመስል ተራቸውን ይጠብቃሉ። ዓሣ ገፋፊዎቹ ቆሮሶ የሚባለውን ባለ ቅርፊት ዓሣ ቆዳ ጫፉን በጥርሳቸው ነክሰው ስብ! ሲያደርጉት እንደ ካልሲ ወልቆ ይመጣል። ሥጋው እዚያው በስሱ ይቆረጥና በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የቃሪያ ድቁስ፣ ተጠቅሶ በጥሬው ይበላል። ጥሬ ዓሣ ጃፓኖች ያመጡት ነገር አይደለም፤ እኛ ሰፈር የቁርስ ምግብ ነበር።

እናቴ ግን ሐይቁን አትወደውም ነበር። “ያ ባሕር ጾም አያውቅም” ትላለች። አባቴ በጾም ቀን ከዓሣ መሀል ውሎ ጾሙን ጠብቆ ሲመለስ እንኳ እጁን ሁለት ጊዜ በሎሚ ሳታስታጥበው ከቤት አታስገባውም። ቅርፊት የሌለው አምባዛማ ስሙም በቤታችን አይነሣም።

ያ ወቅት ፍልሰታ ነበር። ፍልሰታ የሕፃናት ጾም ነው፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ ዐሥራ አምስቱን ቀን ቅዳሴ እስኪያልቅ ሳይቀምስ ይውላል፤ ይቆርባል። ለኛ ጾምም ውድድርም ነበር። “አንቺ ስንት ቀን ቆረብሽ?” “ስድስት።” “እኔ ስምንት፤ ውኃ እንኳ አልቀመስኩም!” ማስረጃው ምላስ ነበር። ምላሱ ነጣ ብሎ የደረቀ ልጅ ጾሟል፤ የረጠበና የቀላ ምላስ ያለው ሰርቆ በልቷል። የዚህ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ ትዕግሥት ነበረች። ከኔ በአንድ ዓመት ትበልጣለች፤ ምላስ ስትመረምር ልክ እንደ ዶክተር አገጭ ይዛ ወደ ብርሃን ታዞራለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አባቴ መነጽሩን ረስቶ ሄደ። ያለ መነጽር የሚዛኑን ቁጥር አያይም። እናቴ መነጽሩን በመሐረብ ጠቅልላ ሰጠችኝ። “ሮጠሽ አድርሰሽ ተመለሺ። ዛሬ ትቆርቢያለሽ። መንገድ ላይ ምንም እንዳትቀምሺ። ዝናቡም ቢጥል ቀና ብለሽ አፍሽን እንዳትከፍቺ።” በፍልሰታ የምንጫወተው አንዱ ጨዋታ ዝናብ መቅመስ መሆኑን ታውቃለች።

አፌን ከድኜ ሮጥኩ። ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቶበት ነበር፤ ጭቃው ጫማዬን ይይዛል። አባቴ መነጽሩን ተቀብሎ ራሴን ዳበስ አደረገኝና ወደ ሚዛኑ ዞረ። መመለስ ነበረብኝ። ልመለስም ነበር።

“ኧረ የመዛኙ ልጅ! ነይ እስቲ፣ ነይ!”

ጋሽ ዱካሞ ነበር፤ የአባቴ ወዳጅ፣ የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ የሚወደው አስጋሪ። የሌላ እምነት ሰው ስለሆነ የኛ ጾም መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ አይከታተልም፤ ክፋት ግን በልቡ አልነበረም። በግራ እጁ ቢላ ይዟል። በቀኝ እጁ ከቆሮሶው በስሱ የቆረጠውን ዳጣ አስነክቶ ወደ አፌ ዘረጋው።

እዚህ ላይ እናንተም የዚያ ዘመን ልጆች ናችሁና ታውቁታላችሁ። ትልቅ ሰው ጉርሻ ሲዘረጋ አፍ ይከፈታል። አይታሰብበትም። “አይ፣ ጠገብኩ” የሚል ልጅ የተረገመ ነው፤ ጉርሻ መመለስ እጅ መመለስ ነው። ይህንን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። “ምንም እንዳትቀምሺ” ያለችኝም እናቴ ናት። ሁለቱ ትእዛዞች ሐይቁ ዳር ፊት ለፊት ተጋጠሙ፤ የቀደመው ግን ቀድሞ የተማርኩት ነበር። አፌ በራሱ ተከፈተ። ዓሣው ቀዝቃዛ ነበር፤ ጣፈጥ ይላል፤ ከዚያ ዳጣው ከንፈሬን አነደደው። መጾሜን ያስታወስኩት ያኔ ነው። መትፋት? የትልቅ ሰው ጉርሻ ፊቱ ላይ መትፋት? ዋጥኩት።

“አንድ ያጣላል!” አለ ጋሽ ዱካሞ እየሳቀ። ሁለተኛዋን አዘጋጅቶ ዘረጋ።

ይህቺን አርባ ዓመት ሙሉ ሳስባት ኖሬያለሁ። በሁለተኛዋ ጊዜ ጾም መሆኑን አውቃለሁ። ለማሰብም ጊዜ ነበረኝ። “ጋሼ፣ እቆርባለሁ” ማለት እችል ነበር። ግን ርቦኝ ነበር፣ ዓሣውም ይጣፍጥ ነበር። የመጀመሪያዋን የበላት አፌ ነው፤ ሁለተኛዋን የበላኋት እኔ ነኝ።

ወደ አባቴ ዘወር ብዬ አየሁ። ጀርባውን ሰጥቶ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል። ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ ነጭ ቀሚሴን አለበሰችኝ። አፌን እንዳልጉመጠመጥ ውኃ ጠብ ብሎ ቢገባስ ብዬ ፈራሁ፤ ጾሙን የገደፍኩ ልጅ በውኃ ጠብታ ስጨነቅ አስቡት። የዳጣው ቃጠሎ አልበርድ አለኝ። እናቴ ስለ ቁርባን ስትነግረን “እሳት ነው ልጆቼ፣ ሳይገባው የቀረበውን ይበላል” ትል ነበር። ከንፈሬ ይነዳል፤ እኔ ደግሞ ከዱካሞ ዳጣ አልቆጠርኩትም። እሳቱ ከቤት ጀምሮ መጣብኝ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ትዕግሥት ዋርካው ሥር ልጆቹን አሰልፋ ትመረምራለች። “ምላስሽን!”

አፌን ገጠምኩ።

“በልተሻል! ጾም ገዳፊ! እዩዋት፣ ምላሷን ደበቀች!”

“ከቁርባን በፊት ምላስ አይወጣም። ኃጢአት ነው” አልኳት በአፍንጫዬ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ትዕግሥት ደነገጠች፤ የስንቱን ምላስ እንዳስወጣች አስባ መሰለኝ ወዲያው አማተበች። እኔም አንዱን ኃጢአት በሌላው እየሸፈንኩ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ቅዳሴው ያን ቀን የሮጠ ይመስለኛል። ሌላ ቀን ሆዳችን እየጮኸ አላልቅ የሚለን ቅዳሴ እንደ ባቡር ተነሥቶ ሄደ። ሕፃናት እንድንቀርብ ተባለ፤ ተሰለፍን። ከፊቴ ዐሥራ ሁለት ልጆች አሉ። እናቴ በሴቶቹ በኩል ቆማ፣ ነጠላዋን አገጯ ድረስ ተከናንባ ታየኛለች፤ ፊቷ እንዴት ያበራ ነበር! ከሰልፉ ብወጣ “ለምን?” ትለኛለች። ለምን ስትለኝ ጋሽ ዱካሞ ይነሣል፤ አባቴ ይነሣል፤ “ያ ባሕር ጾም አያውቅም” ይመጣል። ባልወጣ ደግሞ እሳቱ አለ። ስምንት ልጆች ቀሩ። ስድስት። ካህኑ ሲያቀብሉ ድምፃቸው ይሰማኛል። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ፤ ያኔ ጉልበቴን አየሁት። ሰኞ ማክሰኞ ስጫወት የወደቅሁበት ቁስል ቅርፊት ይዞ ደርቋል።

ደም የሚፈሰው ሰው አይቆርብም። ይህንንም ያስተማረችኝ እናቴ ናት።

አራት ልጆች ሲቀሩ ጎንበስ አልኩና ቅርፊቱን በጥፍሬ ላጥኩት። አመመኝ፤ ግን ደሙ እንቢ አለ። እንደገና ጫርኩት፤ አጥብቄ። ሁለት ልጅ ሲቀረኝ ደሙ ጉልበቴን አልፎ ወደ ቅልጥሜ ወረደ። ዲያቆኑ አይቶ እጁን ዘረጋና በዝግታ ከሰልፉ አወጣኝ።

እናቴ መጣች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ እንዴት በተሻለኝ! ደሙን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ ዕንባዋ እየወረደ፣ “የኔ ጥፋት ነው። አስሬልሽ መምጣት ነበረብኝ። የኔ ጥፋት ነው፣ ልጄ” አለች። ዘጠኝ ዓመት የሞላኝን ልጅ አዝላ ያንን ሁሉ መንገድ በጭቃ ወሰደችኝ። ጀርባዋ ላይ ሆኜ ስታለቅስ ትከሻዋ ሲርገበገብ ደረቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። እሳት ማለት ይኼ ነው እንዴ አልኩ በልቤ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አባቴ ከሥራ ገባ። እጁን በሎሚ ታጠበ፤ የሆነውን ከእናቴ ሰማ። እናቴ ወደ ጓሮ ስትወጣ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ፤ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ጉልበቴን መረመረ፤ ነፋ ነፋ አደረገልኝ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣

“ዱካሞ ዳጣ ያበዛል” አለ።

አለቀስኩ። ራሴን እየዳበሰ ጠበቀኝ። ሲወጣልኝ “አይቼሻለሁ” አለኝ። “የመጀመሪያዋን ስዞር ነው ያየሁት፤ አልደረስኩባትም። ለሁለተኛዋ ግን መጮህ እችል ነበር። በሰው ፊት ዱካሞን ማሳፈር ፈራሁና ጀርባዬን ሰጥቼ መነጽር ወለወልኩ። እኩል ነን፣ ልጄ። ነገ አብረን እንሄዳለን።”

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ ተክሌ ወሰደኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ሞራ ስለለበሰው ሰው ሲያናግሩ ወደ ድምፁ ነው የሚዞሩት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዳጣውን ሳይቀር። ወደ ድምፄ ዞረው፣

“ቁስልሽን የላጥሽው ማንን ፈርተሽ ነው? እናትሽን?” አሉኝ።

“አይደለም። እሳቱን።”

“እ-ህ” አሉ። ፊታቸው ፈካ አለ። “እንግዲያማ ታውቂዋለሽ። የማያውቁትን ማን ይፈራል?” መስቀላቸውን አሳለሙኝ። “ለዓሣው ሰባት ስግደት። እናትሽን ላስለቀስሽበት ሠላሳ አራት። ለእናትሽም አንድ ቀን ትነግሪያታለሽ።”

“ለእኔስ፣ አባ?” አለ አባቴ።

“አንተም እኩል።”

አርባ አንድ ስግደት ከአባቴ ጋር ጎን ለጎን ሰገድን። እኔ እደክማለሁ ብሎ ቀስ ይላል፤ ቀድሞኝ የተነሣ እንደሆነ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከፍ ዝቅ ስንል መነጽሩ ከኪሱ ወድቆ ሁለታችንም ሳቅን። አባ ተክሌ ከውስጥ “ሳቁ አይቆጠርም፤ ካቆማችሁበት ቀጥሉ” አሉን።

ለእናቴ ግን ቶሎ አልነገርኳትም። ዛሬ ነገ እያልኩ፣ ከዓመት ወደ ዓመት እያሻገርኩ፣ ሃያ ዓመት አለፈ። ወደ አሜሪካ ልነሣ ሳምንት ሲቀረኝ፣ ልብስ ስናጣጥፍ፣ በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት። እናቴ ማጣጠፏን አላቆመችም። “ያን ዕለት ሐይቅ ዳር የለበስሽውን ቀሚስ አንገቱን ማን ያጠበው መሰለሽ?” አለችኝ። “የዱካሞ ዳጣ በሳሙናም አልለቅ አለኝ። እስክትነግሪኝ እየጠበቅሁሽ ነበር እኮ።”

ሃያ ዓመት። እሷ እየጠበቀችኝ፣ እኔ እየተሸሸግሁ።

*

“ማሚ? አር ዩ ኦኬ? ዓሣው አስጠላሽ?”

መክሊት ቾፕስቲኳን አንጠልጥላ ታየኛለች። ያኔ ነው የሆሣዕና ጠዋት ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ ጨርቅ የተዘረጋልኝ። ነጩን ቀሚስ ለብሳ ነበር። ዘንባባዋን ይዛ ነበር። ልጆቹ ሊቆርቡ ሲሰለፉ ግን ሶፍት አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ወደኔ መጣች። “ነሰረኝ” አለች፤ ሄዳም መኪና ውስጥ ተቀመጠች። እኔም እንደ እናቴ አዘንኩ፤ የአየሩ ድርቀት ነው፣ ውኃ ማብዛት ነበረብኝ ብዬ ራሴን ወቀስኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ሶፍቱን ከመኪናው ወለል ያነሣሁት እኔ ነኝ። ነጭ ነበር። አንድም ነጥብ አልነበረበትም። አይቼ ወደ ቆሻሻ ጣልኩት፤ ያየሁትን ለራሴም አልነገርኩም።

የፈሩት ይደርሳል፣ ይላሉ። አሁን ምን ላድርግ? ብቆጣት ከዚህ በኋላ ካርዷን ትደብቃለች እንጂ ሌላ አትማርም። እንደ እናቴ ብጠብቃት ደግሞ እኔ ያንን ጠባሳ ስንት ዓመት እንደተሸከምኩት አውቀዋለሁ። ጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ዳሰስኩ። አባቴ ያኔ አላሳደረውም።

“ነስሩ ተሻለሽ?” አልኳት።

“ዋት ነስር?”

“የሆሣዕናው።”

አየችኝ። ካርዷን አየች። እጇ ካርዷን ሊሸፍን ሮጠ፤ ግን ዘግይቷል። አንገቷ ሥር ድረስ ቀላች።

“ማሚ... የጓደኛዬ በርዝዴይ ነበር። ሁሉም ኦርደር አደረጉ። እኔ ሩዙን ብቻ ልበላ ነበር፣ አይ ስዌር...”

“አትማዪ።”

“ኦኬ፣ አልምልም። ከዛ እሷ ቆርጣ ሰጠችኝ፤ እንቢ ማለት አፈርኩ። አንዷን በላሁ። ከዛ...”

“ሁለተኛዋን?”

“ሁለተኛዋን ራሴ ኦርደር አደረግሁ” አለች፤ ዕንባዋ መጣ።

“ታዲያ ለምን አልቆረብሽም? ማንም አላየሽም።”

“ፈራሁ።”

“እኔን?”

ራሷን ነቀነቀች። “አንቺን አይደለም” አለች። በአማርኛ ነው ያለችው፤ እኔን ከምትሸሽበት እንግሊዝኛ ወጥታ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም። አባ ተክሌ ካሉበት ሆነው “እ-ህ” ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ።

የቀሚሴን ጫፍ ሰብሰብ አድርጌ ጉልበቴን አሳየኋት። ጠባሳዋን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃታለች፤ ወድቄ ነው ብያት ነበር። ወድቄም ነበር፤ ግማሹን ነበር የነገርኳት። ሌላውን ግማሽ እዚያው፣ ሩዙ እየቀዘቀዘ፣ ከመነጽሩ እስከ ሰልፉ ነገርኳት።

“ዌይት። ቁስልሽን ላጥሽው? ሆን ብለሽ? ኦን ፐርፐስ? ማሚ፣ ኢት ኢዝ ሶ ግሮስ፣ ያስጠላል!”

“ያንቺ ይሻላል። አንድ ሶፍት ብቻ ነው ያበላሸሽው።”

ዕንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ሳቀች። ከዚያ ቀዩን ዓሣ በቾፕስቲክ ይዛ፣ አረንጓዴውን ድቁስ አስነክታ፣ ከሥሩ እጇን እንደ ሰሐን ዘርግታ ወደ አፌ አመጣችው። አፌ በራሱ ተከፈተ። ድቁሱ ወደ አፍንጫዬ ወጥቶ ዕንባዬን አፈሰሰው። መክሊት ሁለተኛዋን አዘጋጅታለች።

“አንድ ያጣላል አይደል የምትዪው?” አለች። “ለምንድን ነው የምታለቅሺው? ዋሳቢው ነው?”

ውሸት የሚነገርበት ቀን አልነበረም። “እሱም አለበት” አልኳት፤ አፌን ከፈትኩ።

እሑድ ካህናችን ዘንድ ራሷ ገብታ ተናገረች፤ እኔ ፓርኪንጉ ውስጥ ዳዊቴን ይዤ ዓይኔን አንድ ገጽ ላይ እንደተከልኩ ጠበቅኋት። በሃምሳው ስግደት ስለሌለ የታዘዘው ስግደት ከጰራቅሊጦስ በኋላ ነው የተፈቀደልን። “ልን” ያልኩት እኔም ተናግሬ ነው፤ ነጭ ሶፍት አይቼ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበርና። ሰኞ ጠዋት ሳሎናችን ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን ቆምን። ያኔ መሬቱ ጭቃ ነበር፣ ዛሬ ከሥራችን የሰው ኮርኒስ ነው፤ የታች ቤቷ ጎረቤት ለማኔጅመንት ኮል ታደርጋለች ብዬ ስሰግድም ሐሳብ አልለቀቀኝም። አባቴ ያኔ አርባ አልሞላውም። እኔ አልፌዋለሁ፤ ጉልበቴ ይንቋቋል፣ በተለይ ቀኙ። ዐሥራ ሁለተኛው ላይ ትንፋሼ አጠረ። ቀና ስል መክሊት ቀድማኝ ተነሥታለች፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ይዛ ቆማለች።

እየጠበቀችኝ ነበር።